ቀለም ያልለበሱ እንግዶች፦ የበጋ የወፍ ምልከታ ከጦሳ እስከ አርዲቦ

በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ሌሊት የሚከብደው ሰማዩ ስለሚጠራ ነው። መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት የሚይዝ ደመና ስለማይኖር ንጋት ላይ የቦሩ ሜዳ ሣር ውርጭ ለብሶ ይገኛል፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ፀሐዩ ጋቢ ያስጥላል። ይህ የእኛ በጋ በአውሮፓና በሰሜን እስያ የክረምቱ እምብርት ነው። እዚያ ውሃው በረዶ ሆኖ ሲረጋ፣ ነፍሳቱ ሲጠፉና ቀኑ ሲያጥር፣ ምግብ ያጡ ወፎች ወደ ደቡብ ይፈልሳሉ፤ ከእነርሱም ጥቂት የማይባሉት ከመስከረም ጀምሮ እየገቡ እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ድረስ በወሎ ሐይቆች፣ ሜዳዎችና ደኖች ይሰነብታሉ።

በእነዚህ ወራት አብረውኝ ወደ ሐይቅ ዳር የወጡ ወዳጆቼ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ ቅር ይላቸዋል። በመጽሐፍ ያዩት ዳክዬ ራሱ አረንጓዴ፣ ደረቱ ነጭ፣ ጎኑ የሸክላ ቀለም ያለው ነው፤ በመነጽር የሚያገኙት ግን ገብስማ ዶሮ የመሰለ ወፍ ነው። ቅሬታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን አልስማማበትም። በጋ ወፍን በቀለሙ ሳይሆን በአቋሙ፣ በአካሄዱና በአበላሉ ለማወቅ የምንገደድበት ወቅት ነው፤ ቀለሙ ከወር ወደ ወር እንዴት እንደሚመለስ በዓይን መከታተል የሚቻለውም ወፎቹ ወራቱን በሚያሳልፉበት በእኛ አገር ነው። ግንቦት ላይ በሰሜን አገር ሆኖ የሚጠብቃቸው ሰው የሚያየው ያለቀለትን ልብስ ብቻ ነው። አለባበሱን የምናየው እኛ ነን።

ነገሩን ከራሳችን ወፍ ብንጀምር ይቀላል። ከስንት ጊዜ አንዴ ብቅ የሚል ሰው «እንደ መስቀል ወፍ» ይባላል። በመስከረም በየማሳው ዳር ቢጫና ጥቁር ወይም ቀይና ጥቁር ላባቸውን ነፍተው የሚታዩት፣ ብዙዎቻችን የመስቀል ወፍ የምንላቸው ትናንሽ ወፎች ግን አገር ጥለው አይሄዱም። የመራቢያ ጊዜያቸው ሲያበቃ ወንዶቹ ያንን ያማረ ላባ ጥለው የሴቶቹን የመሰለ ቡላ ላባ ያበቅላሉ፤ ከዚያ በኋላ በአጨዳ ማሳና በአውድማ ዙሪያ ከድንቢጦች ጋር ተቀላቅለው እህል ሲለቅሙ ይውላሉ። ቢጫው ዝርያ በወገቡ ላይ ያለችውን ቢጫ በበጋም አይጥላትም። ታኅሣሥ ላይ ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የወፍ መንጋ ከገለባ ላይ ሲነሣ ያችን ቢጫ በጨረፍታ ማየት የቻለ ሰው፣ የመስቀል ወፍ ዓመቱን ሙሉ ጎረቤቱ እንደነበረ ይረዳል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም።

ከደሴ መናኸሪያ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል። ሎጎ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ ጥልቀቱም እስከ 88 ሜትር የሚደርስ፣ ውሃው በወንዝ የማይወጣ ሐይቅ ነው። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከእርሱ ከፍ ብሎ አርዲቦ ይገኛል፤ አርዲቦ ሲሞላ ትርፉ በትንሽ ወንዝ ወደ ሎጎ ይወርዳል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ የመሠረቱት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት፣ ወደ ውሃው የገባው መሬት ዛፎቹ ለዘመናት ስለተጠበቁ ዓሣ የሚበሉ ወፎች ማረፊያ ሆኗል። ዓሣ በሉ ንስር፣ ነጭ ራሱን ቀና አድርጎ፣ ከዛፎቹ ጫፍ ላይ ሲጣራ ድምፁ ከማዶ ይሰማል። ጥልቁ ውሃ የጠላቂዎቹ ድርሻ ነው። ለሌሎቹ ወፎች ሁሉ ዋናው ነገር ዳርቻው ነው፤ ፊላ የቆመበት፣ ከብት የረገጠው፣ ውሃው ከጉልበት የማያልፍበት ቦታ።

አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ከተማው ያለው ከሐይቁ በምዕራብ በኩል ስለሆነ ጠዋት ከዚያ ወገን የሚመለከት ሰው ፀሐይ ፊት ለፊቱ ናት፤ በውሃው ላይ ያለው ወፍ ሁሉ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታየዋል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ችግር ይቆጥረዋል። እኔ ግን አዲስ ሰው ይዤ ስሄድ ሆን ብዬ ጠዋት እወስደዋለሁ፤ ምክንያቱም ቀለም በሌለበት ጥላ ውስጥ ቅርጹ ብቻ ይቀራል። ራሷን በየጊዜው ወደፊት እየነቀነቀች የምትዋኘው ወፍራም ወፍ ባለ ጋሻዋ የውሃ ዶሮ ናት፤ በግንባሯ ላይ ያለው ነጭ ጋሻና ከበላዩ ያሉት ሁለት ቀይ እብጠቶች የሚታዩት ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ሲዞር ነው። በውሃው ውስጥ ገላው ሰምጦ አንገቱ ብቻ እንደ ዘንግ የቆመው አንገተ ረጅሙ ዓሣ አጥማጅ ነው። ገላዋ ከፊት የዘነበለ፣ ምንቃሯ ከራሷ የረዘመ የምትመስለው ዳክዬ ደግሞ በዚህ ጽሑፍ ብዙ የምናገርላት ናት።

ይህች ዳክዬ ምንቃሯ ጫፉ ላይ ሰፍቶ የአካፋ ቅርጽ ይይዛል። በምንቃሯ ጠርዝ ዙሪያ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ከ100 በላይ ቀጫጭን ዘንጎች አሉ። ስትበላ ለማየት ዝም ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል። ራሷን ዝቅ አድርጋ ምንቃሯን ከውሃው ገጽ ጋር እኩል ታደርገዋለች፤ ውሃው በምንቃሯ ጫፍ እየገባ በጎንና ጎን ይወጣል፤ ደቃቅ ነፍሳቱና ዘሩ በዘንጎቹ ተጠልፈው ይቀራሉ። ሁለት ሲሆኑ አንዷ የሌላዋን ጭራ ተከትላ ይዞራሉ፤ ብዙ ሲሆኑ ክብ ሠርተው፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ፣ ፊተኛይቱ በእግሯ ያናወጠችውን ውሃ ኋለኛይቱ እያጠለለች ለረጅም ጊዜ ይሽከረከራሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ራስ ቀና አይልም። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ወፏን በማንኛውም ልብስ፣ በማንኛውም ብርሃን፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቃም ቢሆን አይስታትም።

አርዲቦ ዳር ከብት የሚጠብቅ የአንድ ዓሣ አስጋሪ ልጅ «ማንኪያ አፍ» ይላታል።

«ጋሼ፣ ማንኪያ አፎቹ ዛሬ ከፊላው ጀርባ ናቸው» አለኝ አንድ ጥዋት፣ መነጽሩን ከአንገቴ ሳወርድ አይቶ።

«ወንዱን ከሴቷ ትለያለህ?» አልሁት። ኅዳር ስለነበር ሁሉም ቡናማ ነበሩ።

«ወንዱማ ዓይኑ ቢጫ ነው። ከአባባ ጋር ታንኳ ላይ ሆኜ በቅርብ አይቸዋለሁ።»

ልጁ ያለው ትክክል ነው። ወንዱ ያማረ ላባውን በጣለበት ጊዜም ቢሆን የዓይኑ ቢጫነት አይለወጥም፤ የሴቷ ዓይን ወደ ቡናማ ያደላል። በመጽሐፍ ውስጥ ይህ ነገር በትንሽ ፊደል የሚጻፍ ነው፤ እርሱ ግን ያለ መነጽርና ያለ መጽሐፍ አግኝቶታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ አርዲቦ ስወርድ መነጽሩን መጀመሪያ የምሰጠው ለእርሱ ነው።

ወንዱ ዳክዬ ለምን ቡናማ ሆኖ ይመጣል? በሰሜን አገር በበጋቸው አጋማሽ፣ እርባታው እንዳለፈ፣ ዳክዬዎች የመብረሪያ ላባቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጥላሉ፤ አዲሱ እስኪበቅል ድረስ ለሦስትና ለአራት ሳምንት መብረር አይችሉም። በዚያ ጊዜ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ራስ ይዞ ሜዳ ላይ መገኘት ለቀበሮና ለንስር ራስን መስጠት ስለሆነ ወንዱ አስቀድሞ የሴቷን የመሰለ ላባ ይለብሳል። የመብረሪያው ላባ ከበቀለ በኋላ ጉዞ ይጀመራል፤ የገላው ላባ ግን ገና ነው። ስለዚህ በጥቅምትና በኅዳር እኛ ዘንድ የሚደርሰው ወንድ ገና ልብሱን አልጨረሰም። ታኅሣሥ ላይ ራሱ ላይ ጠቆር ጠቆር ያለ ነገር ይታያል፤ ደረቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይወጣል፤ በጥር ራሱ አረንጓዴ፣ ደረቱ ንጹሕ ነጭ፣ ጎኑም የሸክላ ቀለም ይሆናል። ይህ የሚሆነው ለሰሜኑ ፀደይ ለመዘጋጀት ብቻ አይደለም። ዳክዬዎች ጥንዳቸውን የሚመርጡት ገና በእንግድነት አገር ሳሉ ነው፤ ወንዱ በጥርና በየካቲት እዚሁ ይታጫል፤ ከዚያም አብዛኛውን ጊዜ ሴቷን ተከትሎ ወደ እርሷ አገር ይሄዳል። አርዲቦ ላይ የካቲት ውስጥ ወንዶቹ ራሳቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አንዲቷን ሴት ሲከቡ ያየሁት ነገር ሰርግ ነበር ማለት ነው።

ከእርሷ የምታንስ ሌላ እንግዳ ዳክዬ አለች፤ ወንዱ ሲያምርበት ከዓይኑ በላይ እስከ ማጅራቱ የሚወርድ ሰፊ ነጭ ቅንድብ አለው። ይህኛው ከሁሉ ይዘገያል። ጥር አልፎም ሴቷን መስሎ ሊገኝ ይችላል። እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው ሲበር ብቻ ነው፤ የክንፉ የፊት ገጽ ፈዛዛ ሰማያዊ ግራጫ ነው። ስለዚህ መንጋው እስኪነሣ መጠበቅ ግድ ነው፤ ድንጋይ ወርውሮ ማስነሣት ግን ነውር ነው። ወደ 4,000 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ በሮ የመጣ ወፍ ለመመለሻው ስብ እያጠራቀመ ነው፤ በተነሣ ቁጥር ከዚያው ስብ ላይ ይቀነሳል።

በጭቃው ዳር ያሉትን ትናንሽ ባለ ረጅም ምንቃሮች ብዙ ተመልካች ያልፋቸዋል፤ ሁሉም ዳለቻ፣ ሁሉም ሆዳቸው ነጭ ነው። ሦስቱን ብቻ ልጥቀስ። አንዷ የኋላ አካሏን ሳታቋርጥ ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፤ ስትበር ክንፏን ግትር አድርጋ ከውሃው ጋር ተጠግታ ትሄዳለች። ሁለተኛይቱ ጀርባዋ ጠቆር ያለ ሆኖ ስትነሣ ወገቧ ቦግ ብሎ ነጭ ይሆናል፤ የክንፏ ሥር ጥቁር ነው። ሦስተኛይቱ ወገቧ እንዲሁ ነጭ ነው፤ የክንፏ ሥር ግን ፈካ ያለ፣ እግሯም ረዘም ያለ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ዓይን ከለመደው በኋላ ግን ይበቃል።

ከሐይቁ ወጥተን ወደ ቦሩ ሜዳ ስንመለስ ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዛል። ጤፉና ገብሱ ከታጨደ በኋላ በድንጋይ ካቡ ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙ፣ ወገባቸው ነጭ የሆነ ትናንሽ ወፎች ይመጣሉ። ከእነርሱ አንዱ በፀደይ ጥቁርና ነጭ ነው፤ በኅዳር ግን ጥቁሩ ሁሉ በቡላ የተሸፈነ ነው። የዚህ ወፍ ቀለም የሚመጣው እንደ ዳክዬው አዲስ ላባ በማብቀል አይደለም። እያንዳንዱ ጥቁር ላባ ጫፉ ላይ ቡላ ጥለት አለው፤ ወራት ሲያልፉ ጥለቱ በፀሐይ፣ በነፋስና በድንጋይ ፍትጊያ ያልቃል፤ ከሥሩ የነበረው ጥቁር ይገለጣል። ማለት ወፉ ያማረውን ልብስ ከአገሩ ሲነሣ ጀምሮ ለብሶት ነበር። የካቲት ላይ ጉንጩና ጉሮሮው ጠቁሮ ጥለቱ ጥቂት ቦታ ብቻ ቀርቶ ሲታይ፣ በዚያ ሜዳ ላይ የሰነበተውን ጊዜ በላባው ላይ ማንበብ ይቻላል። አጠገቡ የሚገኘው ሌላው ዘመዱ ግን ዓመቱን ሙሉ የአሸዋ ቀለም ነው፤ እርሱን የሚለየው ቁመናው ነው፤ ረጅም እግሩን ዘርግቶ ጥቂት ይሮጣል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆሞ ዙሪያውን ይቃኛል። በዚሁ ሜዳ ላይ ከገለባው በላይ ዝቅ ብሎ፣ ክንፉን ወደ ላይ አንሥቶ እየተንሳፈፈ አይጥና አንበጣ የሚፈልገው ቀጭን ጭልፊትም የበጋ እንግዳ ነው።

ወደ ጦሳ ተራራ የሚወጣ ሰው ደግሞ ራሱን ወደ ሰማይ ያቅና። የእኛዎቹ ወፍራም ምንቃር ያላቸው ቁራዎችና የአንገት ቆዳቸው የተንጠለጠለ ኢቢስ የሚባሉ ወፎች ጠዋት በከተማው ላይ እየጮኹ ሲያልፉ የደሴ ሰው ሁሉ ይሰማቸዋል፤ እነዚህ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም የማይገኙ ናቸው። አራትና አምስት ሰዓት ላይ አየሩ ሲሞቅ ግን በገደሉ ላይ ክብ እየሠሩ የሚወጡት ትላልቅ ቡናማ ንስሮች ከካዛክስታንና ከሩሲያ ሜዳዎች የመጡ የስቴፕ ንስሮች ናቸው። ትላልቅ ንስሮች የሚጓዙት ከሞቀ መሬት በሚነሣ አየር ላይ ተንሳፍፈው ስለሆነ ሰፊ ባሕር መሻገር ይከብዳቸዋል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ በየመንና በጅቡቲ መካከል ባለው በባብ ኤል መንደብ ጠባብ መንገድ ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው በጅቡቲ በኩል በተደረገ ቆጠራ ከ200,000 በላይ አዳኝ ወፎች ሲሻገሩ ተቆጥረዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ እነዚህ ንስሮች ነበሩ። ከጅቡቲ አፋርን አልፈው የሚያገኙት የመጀመሪያው ከፍታ የእኛው የወሎ ገደል ነው።

ይህን ንስር አገር ውስጥ ከሚኖረው ወይባ ንስር ለመለየት ቀለም ምንም አይረዳም፤ ሁለቱም ከቡናማ እስከ ቡላ ይለያያሉ። ንስሩ አርፎ ከተገኘ መታየት ያለበት የአፉ ጥግ ነው። የስቴፕ ንስር ቢጫው የአፍ ጥግ እስከ ዓይኑ የኋላ ጠርዝ ድረስ ይዘልቃል፤ የወይባው ንስር ከዓይኑ መካከል አያልፍም። በዚህ በጋ አዝዋ ገደል ላይ በአንድ ዐለት የተቀመጠውን አንዱን በመነጽር ስመለከት ያ ቢጫ መስመር ፊቱን ሁሉ ሲያቋርጥ በግልጽ ታየኝ፤ ወጣት ነበር፤ ሲነሣም በክንፉ ሥር ሰፊው ነጭ መስመር ተገለጠ። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን ንስር ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ዝርያዎች ተርታ አስገብቶታል። ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ መሸፈኛ የሌለው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው፤ ትልቁ ክንፍ ሁለት ሽቦ በአንድ ጊዜ ይነካል። ሽቦውን ለመሸፈን የሚወጣው ወጪ ከዚህ ወፍ ጋር ሲነጻጸር ለእኔ ብዙ አይመስለኝም።

ስለ ደኑ ባጭሩ ልናገር። ከኮምቦልቻ በላይ ባለው የጎፍ ተራራ፣ ጥድና ወይራ በቀረበት ክፍል፣ የበጋ እንግዶቹ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጡ አረንጓዴ ቡላ ወፎች ናቸው፤ በቅጠል መካከል ነፍሳት እየለቀሙ ጭራቸውን ደጋግመው ወደ ታች ይነቀንቃሉ። ጥቁር ቆብ ያደረገው ሌላው እንግዳ ደግሞ ፍሬ ይወዳል። በባህር ዛፍ መካከል ግን ሁለቱንም ብዙ አላገኛቸውም፤ ወይራው የቀረበትን ክፍል መጠበቅ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

ከመጋቢት በፊት ምልከታውን የሚያቆም ሰው ትልቁን ነገር ያጣዋል። በሎጎ ዳር ከከብቱ እግር ሥር ነፍሳት እየለቀሙ ጭራቸውን የሚያወዛውዙት ትናንሽ ወፎች በታኅሣሥ ሁሉም አንድ ዓይነት ወይባ ናቸው፤ ከየት እንደመጡ ማንም ሊናገር አይችልም። ከጥር ጀምሮ የገላቸውን ላባ ይቀይራሉ፤ በመጋቢት ሆዳቸው ሁሉ ብሩህ ቢጫ ይሆናል፤ የወንዶቹ ራስ ግን ይለያያል። ራሱ ጥቁር የሆነው ወደ ባልካንና ወደ ቱርክ የሚመለስ ነው። ራሱ ሰማያዊ ግራጫ ሆኖ ነጭ ቅንድብ ያለው የመካከለኛው አውሮፓ ነው። ራሱ ጠቆር ያለ ግራጫ ሆኖ ቅንድብ የሌለው ወደ ስካንዲኔቪያና ወደ ሩሲያ ሰሜን ይሄዳል። አራት ወር በአንድ መስክ ላይ ሳይለያዩ የሰነበቱት ወፎች በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አገራቸውን በራሳቸው ላይ ያወጣሉ፤ ጥቁር ራሶቹ ቀድመው ይሄዳሉ፤ የሩቁ ሰሜን ሰዎች፣ አገራቸው በረዶው ስለሚዘገይ፣ ይቆያሉ።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው። 8 በ42 የሚባለው መነጽር፣ ማለትም 8 ጊዜ የሚያቀርብና የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ለሐይቅም ለደንም ይበቃል። ከዚያ የሚቀረው ማስታወሻ ደብተር ነው፤ በየዕለቱ የታየው ወፍ፣ ቀኑ፣ ቦታውና በተለይ የላባው ሁኔታ ይጻፍ። የውሃ ወፎች ዓለም አቀፍ ቆጠራ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ አጋማሽ፣ በእኛ የጥር የመጀመሪያ ሳምንት አካባቢ፣ ይካሄዳል፤ ቁጥሩን እርሱ ይይዛል። የላባውን መለወጥ ግን በአንድ ቀን ቆጠራ መያዝ አይቻልም፤ እዚሁ የሚኖር ሰው በየሳምንቱ ወርዶ ሊያየው ይገባል።

ስለዚህ ኮምቦልቻ ላሉ ወዳጆች አንድ ጥያቄ አለኝ። ከእናንተ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የጨፋ ረግረግ ከአርዲቦ ብዙ ዝቅ ያለና የሚሞቅ ነው። በመጪው በጋ እኔ በአርዲቦ፣ እናንተ በጨፋ፣ ራሱ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆነውን የመጀመሪያውን ማንኪያ አፍ ያየንበትን ቀንና በዚያ ዕለት በመንጋው ውስጥ ገና ቡናማ የነበሩትን ወንዶች ብዛት እንጻፍ። ወንዶቹን ለመለየት ዓይናቸውን ተመልከቱ። በየካቲት መጨረሻ ደብተሮቻችንን አጠገብ ለአጠገብ አድርገን ከፍታው በላባው ላይ ልዩነት ያመጣ እንደሆነ እናያለን።